ለአንድ ክፍል ቤትም ፈቃድ ይኑር

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነው። ግንበኛ ነኝ። ውሃ ልክና ቱምቢ ከያዝኩ 41 ዓመት ሆነኝ። ትልልቅ ሕንጻ ላይም ሠርቻለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን ሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ስሠራ ነው። 3 በ4፣ 3 በ5፣ ሲበዛ 4 በ6። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት። ልጅ ሲያገባ ይሠራል። እናት ስታረጅ ይሠራል። ጡረታ አልበቃ ሲል ለኪራይ ይሠራል። ስለ ሪል እስቴትና ስለ ኮንዶሚኒየም ጋዜጣው ላይ ብዙ አንብቤያለሁ። ስለዚች አንድ ክፍል ግን የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ስንቱ ሰው የሚያድረው እሷ ውስጥ ነው።

ከጎረቤቴ ልጀምር። ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ ልበላቸው። ባለቤታቸው ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር፤ ካረፉ ቆይተዋል። ለእትዬ የቀራቸው ግቢው ነው። 180 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ መሃሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ የቆመበት። አምና ሴት ልጃቸው ከነሕፃኗ ወደ ቤት ተመለሰች። ሳሎን ውስጥ ከወንድሞቿ ጋር ፍራሽ አንጥፈው ነው የሚተኙት። እትዬ ጠሩኝና፣ "ወንድሜ፣ ከኒሙ ጀርባ አንዲት ክፍል አውጣልኝ። ግን በሕጉ ይሁን። በስተርጅና ደንብ አስከባሪ በሬን እንዲያንኳኳ አልፈልግም" አሉኝ። ገንዘቡን በዕቁብ አጠራቅመዋል።

ለካሁ። ከግንዱ ራቅ አድርገን 3 በ4 ወጣልን። ሒሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። ዙሪያው 14 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ80። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 36 ካሬ ገደማ ግድግዳ። ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል፤ 450 መሆኑ ነው። ለሚሰበረው 20 ጨምረን 470 አዘዝን። ያ ብሎኬት ዛሬም ኒሙ ሥር እንደተደረደረ ነው። ስምንት ወሩ።

ፈቃድ ለማውጣት አብሬያቸው ሄጃለሁ። ቢሮውን መጥራት አያስፈልግም፤ ሰዎቹም ክፉ አይደሉም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና ነው ያስተናገደችን። ችግሩ የያዘችው ፎርም ላይ ነው። ለቪላም፣ ለባለ አራት ፎቅም፣ ለእትዬ ክፍልም ያው አንድ ፎርም ነው። የአርክቴክቸር ፕላን፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክ፣ የሳኒተሪ። ሁሉም በባለሙያ ተፈርሞ፣ በሦስት ኮፒ። "ልጄ፣ ይቺ እኮ አንድ ክፍል ናት" አልኳት። "አውቃለሁ ጋሼ፣ ለአንድ ክፍል ተብሎ የተለየ ነገር የለንም" አለችኝ።

ፕላን የሚሠራ ልጅ ዘንድ ሄድን። የጠየቀን ዋጋ ከ470 ብሎኬት ዋጋ በለጠ። እሱንም አልፈርድበትም። የቤቱ ማነስ የሱን ድካም አይቀንስለትም፤ አራት ፕላን አራት ፕላን ነው። እትዬ ከፈሉ። ወረቀቱን ይዘን ስንመለስ ሌላ መጣ። ግቢው መንገድ ዳር ስለሆነ በአካባቢው ፕላን የሚፈቀደው ባለ ፎቅ ብቻ ነው ተባልን። ክፍሏ ከኋላ ናት፣ ከመንገድ አትታይም፣ የፊቱን ቦታ አትነካም ብንል የሚሰማን ጠፋ። እትዬ ፎቅ ከየት ያምጡ? ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ።

እትዬ ወረቀት ይዘው ሲመላለሱ፣ በዚያው ሰፈር እኔ በማውቀው ብቻ ሦስት ክፍል ተሠርቶ አልቋል። ሦስቱም በሌሊት። ድሮ ጨረቃ ቤት የምንለው ከተማ ዳር፣ ባዶ መሬት ላይ የሚበቅለውን ነበር። አሁን ካርታ ያለው ሰውም በገዛ ግቢው ጨረቃ ቤት ይሠራል። ዓርብ ማታ ብሎኬት ይገባል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ሰው ገብቶበት ይገኛል።

በስልክ መብራት የተገነባ ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። መሠረቱ ክንድ አይሞላም፤ ቁፋሮ ድምፅ አለው፣ ጎረቤት ይሰማል። ኮለን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶ፣ የለውም። ግድግዳውን ከላይ ዞሮ የሚያስረው ቢም የለውም፤ ኮንክሪት ሲሞላ ቀን ይፈልጋል፣ ከዚያም ውሃ እየጠጣ መሰንበት አለበት። አንዱ ግድግዳ የጎረቤት አጥር ነው። መስኮት ካለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ጣሪያው ከአጥር በላይ እንዳይታይ ዝቅ ብሎ ይመታል። መብራቱ ከትልቁ ቤት በቀጭን ሽቦ ተጠልፎ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ አልፎ ይገባል።

ባለፈው ግንቦት እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ገብቼ ነበር። በሩ አልዘጋ ብሎ ነው የተጠራሁት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ድሬ በግንቦት፣ በዚያ ሰዓት ምን እንደምትመስል የድሬ ልጅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ከራሴ አንድ ስንዝር ነው፤ ኮርኒስ የለውም። መደርደሪያው ላይ መብራት ሲጠፋ የሚለኮስ ሻማ ቆሟል። ማንም ሳይለኩሰው ወገቡ ታጥፎ፣ አናቱ መደርደሪያውን ሊነካ ደርሷል። ከሥሩ ፍራሽ ላይ ሕፃን ተኝቷል። አንገቱ ሥር፣ ብብቱ ሥር ሽፍታ ወጥቶበታል። እናቱ በካርቶን ቁራጭ ታራግብለታለች። እጇ ሲደክማት በግራዋ ትቀይራለች። በሩን አስተካክዬ ወጣሁ። ገንዘብ ልትሰጠኝ ስትል አልተቀበልኩም።

ያን ክፍል ማን እንደሠራው አውቃለሁ። ልጁ ሙያ አያንሰውም። ባለቤቱም ገንዘብ አልቸገረውም ነበር። 60 ሳንቲሜትር ከፍ ቢደረግ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ሌላ መስኮት ቢወጣለት፣ ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስና የአየር መውጫ ቢኖር፣ ያ ሕፃን ቀን ቀን እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ጣሪያው ከአጥር በላይ ከታየ ያፈርሱታል ብለው ነው ያሳጠሩት።

ሰው ለምን ሕጉን ይሸሻል የሚል ካለ፣ ሽሽቱ ዛሬ አልጀመረም። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ ቦታ ተተወ። ለኪራይ የተሠራው ክፍል ግን ትርፍ ተብሎ ተወረሰ። ዛሬ የቀበሌ ቤት ከምንላቸው ብዙዎቹ ያኔ የተወረሱ ናቸው። የአጎቴ ሁለት ክፍል በዚያ ሄዷል። እናቴ እስክታርፍ ድረስ፣ "ጓሮህ ያለውን ለማንም አትቁጠር" ትለኝ ነበር። ይህን ምክር የሰማነው እኛ ብቻ አይደለንም። እትዬ "በሕጉ ይሁን" ሲሉ ስንት ነገር ውጠው እንደተናገሩት የሚገባኝ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ እግር ቢሮ ድረስ ሲመጣ መቀበል ይገባ ነበር።

ሌላም አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆይ ይላል። ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው። እኔም ተከራይቼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በወር ማስጠንቀቂያ ልጆቼን ይዤ ወጥቼ አውቃለሁ። ነገር ግን ክፍሉን ያለ ፈቃድ የሠራ አከራይ ውሉን ይዞ ምን ብሎ ይመዘገባል? ክፍሉን እንደደበቀ ተከራዩንም አብሮ ይደብቀዋል። ያቺ በካርቶን የምታራግበው እናት ውል አላት ብዬ አላስብም።

እኔ ሕግ አልተማርኩም። የሥራዬን ሕግ ግን አነባለሁ። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻን በሦስት ምድብ ከፍሎታል። አንድ ወለል ብቻ ያለው፣ በሁለት ተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤት ምድብ "ሀ" ብሎታል። ፋብሪካ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ደግሞ ምድብ "ሐ"። እንግዲህ አዋጁ ትንሹን ከትልቁ ለይቶታል ማለት ነው። የእትዬ ክፍል ረጅሙ ጎኗ 4 ሜትር ነው። የቢሮው መስኮት ጋ ስትደርስ ከፋብሪካው እኩል የምትሰለፍበት ምክንያት አይገባኝም።

የወንድሜ ልጅ የሚኖረው ካሊፎርኒያ ነው። በኢሞ ስንገናኝ ስልኩን አዙሮ ቤቱን አሳየኝ። የሰው ጓሮ ውስጥ የተሠራች ትንሽ ቤት ናት። "ሰርቪስ ነው እንዴ የምትኖረው?" አልኩት። "አዎ አጎቴ፣ እዚህም ሰርቪስ አለ" አለኝ። እሱ እንዳስረዳኝ፣ እዚያም ከተሞች ለዓመታት የጓሮ ቤትን ሲከለክሉና ሲያከብዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ግን የስቴቱ ሕግ አጠበቀባቸው። ግቢህ ይህን ያህል ካሬ ካልሆነ አትሠራም ማለት አይችሉም። ከጎንና ከኋላ ወሰን 1 ሜትር ከ20 ገደማ ከራቀች ይበቃል። የተሟላ ማመልከቻ በገባ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። እኔን የማረከኝ ይሄ 60 ቀን ነው። እትዬ ስምንት ወር ጠብቀዋል።

አሜሪካኖች በሞዴልነት የሚጠቀሙበት የመኖሪያ ቤት ኮድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው እትሙ ላይ 37 ካሬና ከዚያ በታች ለሆነች ቤት ብቻ የተጻፈ አባሪ ገባ። የቆጧ ስፋት፣ የመሰላሏ ርምጃ፣ እሳት ቢነሳ የሚወጣበት መስኮት ሳይቀር ተለክቶ ተጽፏል። ሁሉ ነገራቸው ተፈትቷል ማለቴ አይደለም። በጎማ ላይ የሚሠሩትን ትንንሽ ቤቶች ብዙ ከተሞች እንደ ተሽከርካሪ ነው የሚያዩት፤ ቋሚ መኖሪያ ናቸው ብለው አይቀበሉም። ደግሞም ያ አባሪ ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲሜትር ድረስ ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል። ብርድ አገር ላይ ይሁን፣ ሙቀት ይይዛል። ድሬ ላይ ቢሠራ ሰው የሚጋገርበት ምድጃ ነው የሚሆነው። ልኩን እኛው ለራሳችን ፀሐይ ማውጣት አለብን። እኔን ያስቀናኝ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለትንሽ ቤት ብቻ ሕግ መጻፉ ነው።

ኮንቴነር ነገርም መጥቷል። የጅቡቲ መንገድ ላይ ስላለን ያገለገለ ኮንቴነር ማግኘት አይከብድም። ለሱቅ ሲውል ኖሯል፤ አሁን መስኮት አስወጥተው የሚያድሩበት ሰዎች አሉ። ሌሊት አይሠራም፣ መሠረት አይፈልግም፣ ደንብ አስከባሪ ቢመጣ ዕቃ ነው ይባላል። እኔ ግን ከላዩ ሌላ የጥላ ጣሪያ ካልተሠራለት፣ ከውስጥም ካልተሸፈነ ሰው አይደርበት እላለሁ። ላሜራ ነው። ቀን ላይ በእጅ አይነካም።

የቤት ትንሽ መሆን በራሱ ነውር አይደለም። ሐረር ሄዳችሁ ጀጎልን እዩ። በ48 ሄክታር ውስጥ፣ አምስት በር ባለው ግንብ ታጥሮ ስንት ትውልድ በትንንሽ ግቢ ኖሯል። መንገዱ ለሁለት ሰው ይጠባል። ቤቱ ውስጥ ግን በቀትር ስትገቡ ቀዝቃዛ ነው፤ የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። በመጀመሪያ የገባሁ ቀን ለግድግዳው እጄን ዘርግቼ ክንዴን እስከ ክርኔ አስለክቼዋለሁ። ያን የሠሩ ሰዎች ፀሐያቸውን ያውቁ ነበር። ዩኔስኮ በ1998 ሐምሌ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

በዚያው ሐምሌ፣ በወሩ መጨረሻ፣ ድሬ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ መጣ። ይህን ሳልጽፍ ደብዳቤውን ብዘጋው አላረፍኩም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እኛም ለግንባታ አሸዋ እንዝቅበታለን። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ሌሊት ድንገት ይደርሳል። ያን ሌሊት ከ200 ሰው በላይ ወሰደ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ከወንዙ ዳር አንድ ክፍል ሠርቼ ነበር። ያለ ፈቃድ፣ በሁለት ሌሊት። ባለቤቱ ቸኮለ፣ እኔም ልጅ ትምህርት ቤት የማስገባበት ገንዘብ ፈልጌ ነበር። ጎርፉ ባለፈ በማግስቱ ሄጄ አየሁት። የቀረው የበሩ ጣውላ ደፍ ነው። ብሎኬቱ አንድም አልነበረም። ተከራዮቹ ለለቅሶ ሐረር ሄደው ስለነበር ተረፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሌሊት ሥራ አልነካሁም። በጠራኝ ሁሉ ፊት መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃው በየት በኩል ይወርዳል የሚለውን ነው።

ስለዚህ ቁጥጥር ይቅር አልልም። ቁጥጥሩ ሰው በሚገድለው ነገር ላይ ይጥበቅ። ወንዝ ዳር ከሆነ፣ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ላይ ከሆነ፣ አንድ ብሎኬት እንኳ አይደረደር፤ ለማንም፣ በምንም ምልጃ። ባለሙያ ሁለት ጊዜ ይምጣና ይይ። አንዴ መሠረቱ ተቆፍሮ ሳይሞላ፣ አንዴ ሽቦው ተዘርግቶ ግድግዳው ሳይለሰን። ሁለት ጉብኝት። የጣሪያው ውሃ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ ይታይ። ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ይጠየቅ። ኮርኒሱ ከዚህ በታች አይውረድ፣ መስኮት በሁለት ጎን ይሁን ተብሎ ለድሬ አየር የሚስማማ ልክ ይውጣ። ይህ ሁሉ ቢጠየቅ እኔ የመጀመሪያው ደስተኛ ነኝ።

ወረቀቱ ግን ይቅለል። ከተማው ራሱ ሦስት ዓይነት ፕላን አሠርቶ በየቀበሌው ይለጥፍ፤ አንዱ 3 በ4፣ አንዱ 3 በ5፣ አንዱ 4 በ6። ካርታ ያለው ሰው መጥቶ "ይሄኛውን" ይበል፣ አነስተኛ ክፍያ ይክፈል፣ ግቢው ውስጥ የት እንደሚያርፍ ቀያሹ ያሳየው። እንደኔ ያለውም ግንበኛ ፕላኑን ይዞ ይሥራ፣ ስሙንም ይጻፍ፤ ቤቱ ቢሰነጠቅ የሚጠየቅ ሰው ይኑር። መልሱ የሚሰጥበት ቀን ተቆርጦ ፎርሙ ላይ ይታተም። በዋናው መንገድ ፎቅ ይሠራ የሚለው ፕላንም የፊት ለፊቱን ቦታ ይጠብቅ፤ ከኋላ ያለችውን አንድ ክፍል፣ ነገ ፎቁ ሲመጣ ትነሳለች በሚል ውል ይፍቀድ። እትዬን ጠይቄያቸው ነበር። "ልጄ ፎቅ የሚሠራ ቀን እኔው በእጄ አፈርሳታለሁ" ነው ያሉኝ።

በቀደም ሥራ ስጨርስ በእትዬ ግቢ በኩል አለፍኩ። ብሎኬቱ ላይ የኒም ቅጠል ተከምሯል። የታችኛው ረድፍ ጠርዙ መሸራረፍ ጀምሯል፤ ከሠላሳ የሚበልጠው ለሥራ አይሆንም፣ ይጣላል። የልጅ ልጃቸው እየዳኸ ደርሶ ክምሩን ይዞ ይቆማል፤ መቆም የለመደው በሱ ነው። ቀድሞ ያሰርኩት ገመድ ከነችካሉ መሬቱ ላይ አለ፤ እትዬ ማንም እንዳይነቅለው በዙሪያው ድንጋይ ደርድረውበታል። ደብዳቤዬን የሚያነብ የሚመለከተው ሰው ካለ፣ ልኩ እንደተሰመረ ነው። ፈቃዱ በመጣ በማግስቱ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቁፋሮ እጀምራለሁ።

አንድ ግንበኛ
ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ